ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ለንደን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ስልክ ሁሌም መርዶ ስለሚመስለኝ ልቤ ዘለለ። "አብሽሪ፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለኝና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው የደወለበትን ጉዳይ ያወጣው።

"አንድ ቅጽ እየሞላሁ ነው። በውጭ አገር በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ይላል። ምን ብዬ ልሙላው?"

እሱና ባለቤቱ ለዓመታት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆይተው አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት ተዘጋጅተው ነበር። እንጀራ፣ ክትፎ፣ ሽሮ፣ ቅዳሜና እሑድ የቡና ሥነ ሥርዓት። ከምግቡ ጋር ቢራና ወይን ካልቀረበ ደግሞ ኪራዩን መቻል ከባድ ነው። እዚያ አገር አልኮል ለመሸጥ ኃላፊነት የሚወስደው ሰው የግል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ የሰውየው የወንጀል መዝገብ ይታያል።

"አንተ እኮ ከወጣህ ስንት ዓመትህ!" አልኩት።

"እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን አለ። ደግሞ ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም።"

የዚያች ሌሊት ነገር

ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከሚሴ አቅራቢያ ትገኛለች። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ በበጋም እርጥበቱን ስለሚይዝ፣ ድርቅ ሲበረታ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል። የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የኛ ቤተሰብ ግን ሁለቱንም ሃይማኖት በአንድ ግቢ ያኖረ ነው፤ አክስቴ ትሰግዳለች፣ አጎቴ ይጾማል፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ቤት ይታረዳል።

የአጎቴ ልጅ በሃያ ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር በዚያው መንገድ ላይ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ሲጠጣ አመሸ። ጠረጴዛው በባዶ ጠርሙስ ተሞልቶም ባለቤቱ መቅዳቱን አላቆመም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በማይረባ ነገር ጠብ ተነሳ፤ እሱም አንድ ሰው በጠርሙስ መታ። ሰውየው ግንባሩ ተሰፍቶ ዳነ። የአጎቴ ልጅ ስድስት ወር ተፈረደበት። ስንቅ የምታመላልስለት አክስቴ ነበረች። ከእስር ሲወጣ የተማረ፣ የሠራ፣ በኋላም አገር የቀየረ ሰው ሆነ። ስለዚያ ጉዳይ በቤታችን ሁለተኛ አልተነሳም።

አሁን ግን አንዲት ወረቀት አነሳችው። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ነገሩን ማጣራት ጀመርኩ። ስጀምር ለሱ ብዬ ነበር፤ እየቆየሁ ስሄድ ግን የራሳችንን ሰፈር እንዳስብ አደረገኝ።

እንግሊዞች ምን ይጠይቃሉ?

በእንግሊዝና በዌልስ የመጠጥ ፈቃድ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የፈቃድ ሕግ ነው። ሕጉ ቤቱንና ሰውየውን ለየብቻ ያያል። ቤቱ የራሱ ፈቃድ አለው፤ በዚያ ቤት የአልኮል ሽያጭ የሚከናወነው ደግሞ የግል ፈቃድ ባለው ሰው ወይም እሱ በሰጠው ሥልጣን ነው። የግል ፈቃድ ጠያቂ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ እውቅና ያለው አጭር ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ፣ እንዲሁም ከተሰጠ ከአንድ ወር ያልበለጠ የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ክፍያው 37 ፓውንድ ነው።

ሕጉ የሚመለከታቸው ጥፋቶች ዝርዝር አለው። ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ አደገኛ ዕፅ፣ የኃይል ድርጊት፣ የወሲብ ጥቃት፣ የጦር መሣሪያ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር ከነዚህ መካከል ናቸው። በውጭ አገር የተፈጸመ ጥፋትም ይጠየቃል። ጠያቂው እንዲህ ያለ ጥፋት ካለበት የአካባቢው ምክር ቤት ለፖሊስ ያሳውቃል፤ ፖሊስም ተቃውሞ ካለው በ14 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። ተቃውሞ ከቀረበ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ይሰማል፤ ጠያቂውም የራሱን ቃል ይሰጣል። ስለዚህ ፖሊስ መረጃና አስተያየት ይሰጣል እንጂ ውሳኔው የሱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሕጉ አራት ዓላማዎችን ያስቀምጣል፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤት እንዳይታወክ ማድረግ፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ መሸጥ ወንጀል ነው። ሰክሮ ለታየ ሰው አውቆ መጨመርም እንዲሁ።

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ወደ ጠርሙሷ ሌሊት ተመለስኩ። ሰው "አንድ ጨምር" ሲል "ይበቃሃል፣ ነገ ትመጣለህ" ማለት የሚችለው ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ፖሊስ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም፣ ወላጅም የለም። ቀጂው ከሽያጩ ይልቅ ሰውየውን ካላስቀደመ የሚመጣው ጣጣ ለሁሉም ነው።

"ዋስ አምጣ" የኛ ብቻ አይደለም

የመጠጥ ሻጭን ማንነት መጠየቅ ፖሊስና ኮምፒውተር ያመጡት አዲስ ነገር ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1552 ባወጣችው ሕግ ጠላ መሰሉን የአገሯን መጠጥ የሚሸጥ ሰው በሁለት ዳኞች እንዲፈቀድለትና ቤቱን በሥርዓት ለመያዙ ዋስትና እንዲያቀርብ አዝዛለች። ያኔ የወንጀል መዝገብ ቋት የለም፤ አሻራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሰው በሰው ተያዘ።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮልን አግዳ ነበር። በእገዳው ዘመን ንግዱ የወንበዴ ቡድኖች እጅ ገባ። እገዳው ሲነሳ ብዙዎቹ ግዛቶች የየራሳቸውን የመጠጥ ፈቃድ ሥርዓት አቋቋሙ፤ የአመልካቹን ማንነትና ያለፈ ታሪክ ማጣራት የሥርዓቱ አካል ሆነ። ዛሬ በዚያ አገር ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያንም ጠጅና ቢራ ለመሸጥ ሲያመለክቱ በዚህ ዓይነት ማጣራት ውስጥ ያልፋሉ።

ዋስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን። ለዘበኛ ዋስ እንጠይቃለን። ባንክ ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ዋስ ያስመጣል። የፌዴራል ፖሊስ አሻራ አንስቶ የሚሰጠው "ከወንጀል ነፃ" የሚባለው ወረቀትም ለሥራ ቅጥርና ለውጭ ጉዞ ሲባል ብዙዎቻችን እጅ ገብቷል። ታዲያ ከልጆቻችን ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ግሮሰሪ ሲከፈት ስለ ባለቤቱ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

እኛ ጋ የሚታየው ቤቱ ነው

በአገራችን የንግድ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው። ግሮሰሪ ወይም ባር ሊከፍት የሚሄድ ሰው መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቤት ኪራይ ውል ይዞ ይቀርባል። እንደ ሥራው ዓይነት የብቃት ማረጋገጫ ሲጠየቅ ደግሞ ባለሙያ መጥቶ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ የአየር ዝውውሩን ያያል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን በአብዛኛው ስለ ቤቱ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሰው ነኝ። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ መጠጥ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ አዳዲስ ደንበኞችን የሚመለከት ቅጽ እሞላ ነበር። ቤቱ ዋና መንገድ ላይ ነው ወይ? ማቀዝቀዣ አለው ወይ? በሳምንት ስንት ሣጥን ያዞራል? በዱቤ ቢወስድ ይከፍላል? ወደ መቶ የሚጠጉ ቅጾች ሞልቼ ይሆናል። "ከትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል?" የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ ለመጨመርም አልጠየቅኩም። አንድ ሰው በሳምንት ብዙ ሣጥን ካዞረ ጥሩ ደንበኛ ነው ብዬ አልፍ ነበር። ለማን ነው የሚሸጠው ብዬ አላውቅም።

ሕጋችን ግን ባዶ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ያደረገው ይኸው አዋጅ ነው። ስለዚህ በዕድሜ ረገድ የኛ ሕግ ከእንግሊዙ ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለን ሰው፣ እንደ ጥፋቱ ዓይነት፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ እንዳይሠራ ማገድ የሚችልበትን መንገድ ይዟል።

ጉድለቱ ያለው እነዚህን ሕጎች በየምሽቱ በተግባር የሚያውለው ሰው ማን እንደሆነ በመጠየቁ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ትልቅ ክፍተት አለ። ጣሳ በእንጨት ሰቅሎ ጠላ የሚሸጥ ቤት፣ በጓዳ አረቄ የምትቀዳ እናት፣ በአብዛኛው ወደ ፈቃድ መስኮት አይቀርቡም። የፖሊስ ማጣራት ቢታወጅ እንኳ የሚያገኘው አስቀድሞ በሕግ ጥላ ሥር ያለውን ነጋዴ ነው። ልጆቹን የማሳደጊያ ገቢዋ ያ ጋን ብቻ የሆነባትን ሴት ደግሞ በወረቀት ብዛት ማባረር መፍትሔ አይሆንም።

ስህተት ዕድሜ አለው ወይ?

የአጎቴ ልጅ ቅጹን ሳይሞላ አንድ ሳምንት ቆየ። ሁለት ፈተና ነበረበት። ቢጽፈው ዓመታት የደከመበት ነገር ይጠፋል ብሎ ፈራ። ባይጽፈው ደግሞ ውሸቱ አንድ ቀን ይወጣል ብሎ ፈራ። እኔ የመከርኩት አንድ ነገር ነው፦ "ቅጹን ከመሙላትህ በፊት ቅጹን ያወጡትን ጠይቅ።"

ሄዶ ጠየቀ፤ ነፃ የሕግ ምክር ከሚሰጥ ቢሮም ደረሰ። እዚያ የነገሩት ነገር ሁለታችንንም አስገረመን። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ፣ ሌላ ጥፋት ሳይፈጽም የተወሰነ ጊዜ ካለፈ፣ የድሮው ፍርድ ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠራል። የመጠጥ ፈቃድ ሕጉም እንዲህ ያለው ፍርድ፣ በውጭ አገር የተሰጠም ቢሆን፣ ከግምት እንዳይገባ ያዛል። ከባድ ቅጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ እጅግ ከባድ የሆኑት ደግሞ ፈጽሞ አያልፉም። የሱ ስድስት ወር ግን ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። ሊጽፈው አይገደድም ነበር።

በኛም ሕግ የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር አለ። የወንጀል ሕጋችን "መሰየም" ይለዋል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው በሕጉ የተቀመጠውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ካሳለፈ ፍርድ ቤት ጠይቆ የተነፈገውን መብት ማስመለስ ይችላል። የሕጉ ሐሳብ፣ ሰው በሃያ ዓመቱ በሠራው ስህተት እስከ ሽምግልናው እየተመዘነ አይኑር ነው።

በዚህ ጉዳይ የደረስኩበት ድምዳሜም ከዚሁ የመጣ ነው። የመጠጥ ሻጭን ያለፈ ታሪክ ማጣራት ጥሩ ነው፤ ግን "ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ማጣራት ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በወጣትነቱ አንዴ የወደቀውን ጨዋ ሰው በር ይዘጋበታል፤ ተይዞ የማያውቀውን፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢራ የሚሸጠውን ደግሞ "ነፃ" ብሎ ያሳልፋል። የተሻለው ጥያቄ ሦስት ክፍል አለው። ጥፋቱ ምን ነበር? መቼ ነበር? ሊሠራ ካሰበው ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥያቄው ደግሞ ፈቃዱ በሚሰጥበት ቀን ብቻ ማብቃት የለበትም፤ ሰውየው ፈቃዱን ይዞ እንዴት እንደሚሠራም ማየት ያስፈልጋል።

ለባለቤቱ የነገራት ቀን

ሕጉ ነፃ ቢያወጣውም የአጎቴ ልጅ ለባለቤቱ ነገራት። "ፖሊስ ቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ እሷ ከፖሊስ ልትሰማው ነበር" አለኝ። ሦስት ቀን ብዙም አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ያለችው ይህን ነው፦ "መታሰርህ አይደለም የከፋኝ። አብረን የባንክ ብድር ስንፈርም እንኳ አለመንገርህ ነው።" ቀጥላም አንድ ነገር ጠየቀችው፦ "ያን ቀን የቀዳላችሁ ሰውዬ ምን ማድረግ ነበረበት?"

ይህ ጥያቄ ምግብ ቤታቸውን ቀረጸው ማለት እችላለሁ። አሁን ፈቃዱን አግኝቶ እየሠራ ነው። ቢራና ወይን የሚቀርበው ከምግብ ጋር ብቻ ነው። ልጅ የሚመስል ሁሉ መታወቂያ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አስተናጋጁ "ይበቃዎታል" ካለ ባለቤቱም ቢሆን አይሽረውም።

ባለፈው ክረምት ጨፋ ሮቢት ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። ከበረንዳዋ ላይ ሆነን የጭነት መኪኖቹ ሲያልፉ እያየን ነበር። መጠጥ መሸጡን አልወደደችለትም፤ አልደበቀችኝምም። "ሻይና ዳቦ ቢሸጥ ምን አለ?" አለችኝ። ቀጥላ ግን ፖሊሶቹ ምን እንደጠየቁት ማወቅ ፈለገች። መዝገብ አይተው ጊዜው አልፏል እንዳሉት ስነግራት ሳቀች። "መዝገቡማ ምን ያውቃል? እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ዋሱ እኔ ነበርኩ። ከወጣ ጀምሮ እጁ በሰው ላይ አልተነሳም።"

ትክክል ነበረች። በትንሽ ከተማ የሰው መዝገብ ጎረቤቱ ዘንድ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ከተማ ግን የፎቅ ጎረቤታችንን ስም እንኳ ሳናውቅ እንኖራለን፤ ስለዚህ የአክስቴ ዓይነት ዋስ በሌለበት ቦታ ሥርዓት ያስፈልገናል። ሥርዓቱ እስኪመጣ ደግሞ የኛ ድርሻ አለ።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

• ባለቤቱን እወቁት። ከቤታችሁ ወይም ከልጆቻችሁ ትምህርት ቤት አጠገብ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ካለ ገብታችሁ ሰላም በሉ፤ ልጆቻችሁ እነማን እንደሆኑ ይወቅ። የሚያውቀውን ሰው ልጅ ጠጪ ለማድረግ የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት ነው።

• ልጅ ቢራ እንዲገዛ አትላኩ። እንግዳ ሲመጣ "ሂድና ሁለት ቢራ አምጣ" ማለት በየቤታችን የተለመደ ነው። ሻጩ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን እንዲለምድ የምናስተምረው እኛው ነን።

• ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉ። ለልጆች የሚሸጥ ወይም ሰፈር የሚያውክ ቤት ካለ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ግልባጩንም ያዙ። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ በፋይል ውስጥ ያለ ደብዳቤ ከመንገድ ላይ ጭቅጭቅ የበለጠ ጉልበት አለው።

• ሥራውን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ቀጂውን ምረጡ። ዋስ ጠይቁ፣ የድሮ ቀጣሪውን አናግሩ። ያለፈ ስህተቱን ራሱ ከነገራችሁ ጥፋቱ ምን እንደነበርና መቼ እንደነበር ሳትመዝኑ በር አትዝጉበት።

• ያለፈውን ለትዳር አጋራችሁና ለሽርካችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ቀን አንዲት ቅጽ መጠየቋ አይቀርም። ከወረቀት ከመስማት ከእናንተ አፍ መስማት ይሻላል።

በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ ፈቃዱ ከኋላው በመስታወት ተሰቅሎ ይታያል። ለአክስቴ በስልኬ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። "ጠርሙሶቹን ባላይ ይሻለኝ ነበር" አለችና፣ "ግን ፊቱ ደህና ነው" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።